ሲወጣብሽ ማን አጠገብሽ ነበር?

ደባርቅ ውስጥ ሁሉም ነገር ይከሰሳል፤ ብርድ ብቻ አይከሰስም። ዓይን ይከሰሳል፣ ጥላ ይከሰሳል፣ ሸረሪት ሸናችበት ተብላ ትከሰሳለች፣ የትናንት ሽሮ እንኳ ችሎት ይቀርባል። ብርድ ግን የቤት ሰው ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር በየበሩ ስንጥቅ እያፏጨ ገብቶ አብሮን ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ ሣሩ ላይ ውርጭ አንጥፎ ይጠብቀናል፤ እንዲህ ያለውን ባልንጀራ ማን ይጠረጥራል? ስለዚህ በልጅነቴ ገላዬን ሰንበር ሊወርሰው ሲጀምር አገሩ በሙሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣ፤ ዋናው ጥፋተኛ ደግሞ የፈላጊዎቹን ጆሮ እየነከሰ አብሯቸው ይዞር ነበር።

የላይኛው የፊት ጥርሴ የወለቀበት ዓመት ነው። እናቴ ይርጋለም ድስት ግዢልኝ ብላ ወደ እትዬ ደርቤ ላከችኝ። እትዬ ደርቤ ከከተማው ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ዘመዶቿ ከዓመታት በፊት ተጠራርገው እስራኤል ገብተዋል፤ እሷ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር ባሌን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች፣ ባልየው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሞቶ እሱ ጥሏት ሄደ። ልጅ ስላልነበራት ይሁን ወይም የእኔ አፍ ስለማያርፍ፣ በሄድኩ ቁጥር እርጥብ ጭቃ ቆንጥራ ትሰጠኝና አጠገቧ አስቀምጣ ታጫውተኛለች።

ያን ዕለት ንፋሱ ከገደሉ ሽቅብ ይነፍስ ነበር፤ ጭቃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሳድበለብለው ቆየሁና እጄን ታጥቤ ምድጃው አጠገብ ስቀመጥ ጣቶቼ ማበጥ ጀመሩ። መዳፌ ቀላ፣ የእጄ ጀርባ ተነፋ፣ ቡጢ መጨበጥ አቃተኝ፤ ከዚያ ማሳከኩ ወደ ክርኔ ወጣ። እኔ ጭቃው ቆዳዬ ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ። ቀስ በቀስ ድስት ልሆን ነው ብዬ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። እትዬ ደርቤ ግን ደነገጠችና ሳማ ነክቶሻል ብላ ቅቤ ቀባችኝ። የመጀመሪያዋ የተሳሳተች ሐኪሜ እሷ ናት፤ ቢያንስ ማንንም አልከሰሰችም።

ከዚያ በኋላ ሐኪም በሐኪም ላይ ተደራረበ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። አባቴ ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ጨነቅ ላይ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ እየጫነ ብዙ ጊዜ ከቤት ርቆ ነው የሚሰነብተው፤ ሲመጣ አየኝና የበቅሎ ቁንጫ ነው ብሎ ብርድ ልብሱን ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰጣው። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ እከክ ነው ብሎ የሚሸት ቢጫ ቅባት ሰጠን። ቅባቱ ሰንበሩን ምንም አላደረገው፤ እኔን ግን ከትምህርት ቤት አስወጣኝ፤ አስተማሪዬ ሌሎቹን እንዳታስይዢ ብላ ወደ ቤት ሰደደችኝ። ሰንበሩ ራሱ ደግሞ በሰው የሚቀልድ ዓይነት ነበር። ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ፊቴንና ክንዴን ይሞላዋል፣ እናቴ በጋቢ ጠቅልላ ጤና ጣቢያ እስክታደርሰኝ እልም ብሎ ይጠፋል፤ ወረፋው ደርሶን ስንገባ የሚታይ ነገር የለኝም። በቀዘቀዝኩ ጊዜ ሳይሆን መሞቅ ስጀምር ነበር የሚወጣው፤ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ሲፈልጉት የሚደበቅ፣ ሲረሱት የሚመጣ በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው ተባለ፤ በዚህ ቀዳዳ አክስቴ አምሳል ገባች።

አክስቴ አምሳል የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምንኖረውም በእሷ ግቢ ነበር። ደባርቅ ገበያ ላይ ቅቤና በርበሬ ትሸጣለች፣ የሰው ነገር ደግሞ ምራቂ አድርጋ ትሰጣለች። ግቢው ውስጥ የእሷን ቃል የሚሽር አልነበረም። ሰንበሩ በወጣ ቁጥር ፊቴ ቁጢጥ ብላ አገጬን በበርበሬ ጣቷ ትይዝና አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች።

«ሲወጣብሽ ማን አጠገብሽ ነበር?»

ምን ነካሽ፣ ምን በላሽ፣ የት ዋልሽ የለም። ማን ብቻ። የመጀመሪያውን ጊዜ እትዬ ደርቤ አልኩ፤ እውነት ነበር። ሌላ ቀን በውርጭ ሄጄ ጭቃ ተጫውቼ ስመለስ ከንፈሬ ሳይቀር አብጦ ነበርና አሁንም እትዬ ደርቤ አልኩ። አክስቴ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ለእናቴ ሁለት ጊዜ ከሆነ ሦስተኛ አያስፈልግም አለቻት። ደርቤ በዓይኗ በልታታለች፣ ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ባዶ አይደለም፣ ይኸው ነው። እናቴ ዝም አለች፤ በሰው ግቢ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው።

እኔ መበላት የሚባለውን ነገር እንዳለ ነው የወሰድኩት። እትዬ ደርቤ ከቤቷ ሆና በውስጤ በኩል ቀስ እያለች የምትቆርሰኝ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ሆዴን እየዳበስኩ የጎደለ ቦታ እፈልጋለሁ። የወለቀው ጥርሴም ትዝ አለኝና በዚያ የጀመረች መሰለኝ።

ወሬው ገበያ ወጣ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ የእኛም ሰፈር እንደዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የእትዬ ደርቤ ድስቶች እንደተደረደሩ ዋሉ፤ ቀርቦ ዋጋ የሚጠይቅ ጠፋ። አንድ ሰሞን ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ወረወሩባት። የሚያስቀኝ ነገር፣ ድንጋይ ወርዋሪዎቹ ቤታቸው ገብተው ራታቸውን የበሉት እሷ ከሠራችው ድስት ነው። አክስቴ ራሷ ቅቤዋን የምታስቀምጠው እትዬ ደርቤ በሠራችው እንስራ ነበር፤ ከበሽታዬ ጋር አያይዛ አልሰበረችውም፤ ጥሩ እንስራ ነበራ።

እናቴ ግን ዝም ማለቷ ማመኗ አልነበረም። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ፈሪ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ገበያ እንደወጣች በጓሮ በር አውጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሰንበር አልነበረብኝም። ተረኛው ዳምጤ የሚባል ከትምህርት ቤት ገና የወጣ ጤና መኮንን ነበር፤ ሁሉም ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አያርምም። ቀና ብሎ ሳያየን ጥያቄ ያወርድ ጀመር። ሲወጣባት ምን ነክቷት ነበር? ውሃ? ንፋስ? መድኃኒት ትወስዳለች? ከወጣ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሲጠፋ ጠባሳ ይተዋል? እናቴ አንድ በአንድ መለሰችለት። ውሃ ላይ ስትደርስ ሰውየው ጽሕፈቱን አቆመ።

ወደ ጓዳ ገብቶ ከክትባት ፍሪጅ በረዶ የያዘ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ አመጣና ክንዴ ላይ አሳረፈው። ያቃጥል ነበር፤ በረዶ እንደሚያቃጥል ያኔ ነው ያወቅሁት። አለቀስኩ፣ እናቴ ያዘችኝ። ሲያነሳው ክንዴ ላይ ምንም አልነበረም፤ ፈተናውን ያለፍኩ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ቆዳዬ ሲሞቅ ግን ከሥር የሆነ ነገር ይነሳ ጀመር። ቀልቶ፣ ገርጥቶ፣ ከፍ አለ። የፕላስቲኩን ቅርጽ ከነማዕዘኑ ይዞ ወጣ።

የአባቴ በቅሎ ታፋዋ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አላት። የእኔም እንደዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሰውየው ምልክት አደረገብኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነኝ። ዳምጤ ደግሞ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ሳቀ። በመጽሐፍ ብቻ ያነበበውን ነገር በዓይኑ ማየቱ ነበር። ሌሎች ነጭ ለባሾችን ጠራ፤ ክንዴ ላይ ተደፍተው በእንግሊዝኛ ተንሾካሾኩ፤ እናቴን ያናገራት አንድም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ትዝ ስትለው ዞር ብሎ ኮልድ ኡርቲካሪያ ነው አላት፣ ገባሽ እንደ ማለት። ከዚያ በአማርኛ የቅዝቃዜ አለርጂ ነው አለ፤ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው የሚለቅ ድንገተኛ ይባላል፣ የእሷ ከዚያ አልፏል፣ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሽሮፕ ሰጠን። በሞቀ ውሃ ትታጠብ፣ ሱፍ ትልበስ፣ ምላሷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሮጣችሁ ወደዚህ፣ መርፌ አለን። ዋናው ግን በሙሉ ገላዋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ፤ ሊገድላት ይችላል።

እናቴ ነጠላዋን እየጠቀለለች ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ጠበልስ፣ ዶክተር?»

«ውሃ ውሃ ነው» አለ፣ እስክሪብቶውን እየነከሰ።

የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። ሰው ግን ልክ ሆኖም ቂል ይሆናል። በዚች ሦስት ቃል ያንን ሁሉ ትክክል ምርመራ ገደል ከተተው፤ ምክንያቱም እናቴ ውሸት አታውቅምና ማታ አክስቴ ስታፋጥጣት ያለውን እንዳለ ነገረቻት። አክስቴ ከሁሉም ውስጥ የሰማችው ያቺን ብቻ ነው። ጠበል ውሃ ነው አለ? አለች። ደጋግማ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከውሃ የሚሸሸው ማን እንደሆነ እናውቃለን አለች። እኔም አውቃለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ክንዴን ባየሁት ቁጥር ምልክቱ ቢጠፋም ያለ ይመስለኝ ነበር። ዳምጤ ከሰይጣን ተልኮ ምልክት አድርጎብኛል፣ እናቴም ሳታውቅ አስረክባኛለች።

እናቴ ውሃ እያሞቀች ታጥበኝ ጀመር፤ የሱፍ ኮፍያ ገዛችልኝ፣ ሽሮፑን ማታ ማታ ትግተኛለች። ሽሮፑ ያስተኛል። ሰንበሩ እየሳሳ ሄደ። ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ይጠይቅ ነበር፤ አክስቴ ግን ለዚህም መልስ ነበራት፤ ሰይጣኑ ሞቆት ተደላድሎ ተኛ አለች። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትረቺዋለሽ? ቢወጣ እሷ ልክ ናት፣ ባይወጣም እሷ ልክ ናት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የእናቴ አጎት ዳባት ላይ ሞተና እናቴ እስከ ሣልስት ልትቆይ ሄደች። አባቴ ጨነቅ ነው። እናቴ ስትወጣ አክስቴን እትዬ፣ አደራዎን፣ ውሃ አይንካት ስትላት ሰምቻለሁ። አክስቴ ሂጂ ሂጂ አለቻት። በነጋታው ገና ጎህ ሳይቀድ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ አለበሰችኝና ወደ ጠበሉ ይዛኝ ወረደች።

ጠበሉ ከከተማው በታች፣ በእግር ብቻ በሚወረድ ገደል ሥር ነው። ውሃው ከአለቱ ወጥቶ በእንጨት አሸንዳ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቀን አባ ባርናባስ የሚባሉት ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ ልጅ መሆኔን አይተው ፊቴንና እጄን ብቻ ረጭተው በመስቀል ባርከው ለቀቁኝ። ዳገቱን ስንወጣ ሰንበሩ ፈነዳ። አክስቴ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ጠበሉ አገኘው፣ ሲቃጠል ነው አለች። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግን አባ ባርናባስ የእናቴን አጎት ሣልስት ሊያስቡ እሳቸውም ወደ ዳባት ወርደው ነበርና ቦታቸውን ሙሉሰው የሚባል ሰው ይዞት ጠበቀን። ሙሉሰው ክህነት የለውም፤ መቋሚያ ግን አለው፣ ድምፅም አለው። አክስቴ ታሪኬን በአጭሩ ነገረችው። ልብሴን አስወለቀና አሸንዳው ሥር ከነሙሉ ገላዬ አቆመኝ።

ያን ውሃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትንፋሼ ደረቴ ውስጥ ቆሞ አልወጣ አለኝ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፤ ከዚያ ከጭንቅላቴ እስከ እግሬ ጥፍር በእሳት የተለኮስኩ መሰለኝ። ሙሉሰው አውጥቶ ሲያቆመኝ ሆዴ፣ ጭኔ፣ አንገቴ ተያይዞ አበጠ። ሰዉ ከበበኝና ወጣ፣ ወጣ ይል ጀመር። ከንፈሬ ከበደኝ፤ ምላሴ አፌ ውስጥ ቦታ አጣ። መልሶ አስገባኝ፣ መልሶ አወጣኝ፣ ከዚያ መቋሚያውን ደረቴ ላይ ደግኖ ጮኸ።

«ተናገር፣ ማን ነው የበላት?»

እኔ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ሲጠይቁኝ በትክክል መመለስ እወዳለሁ። እንዴት እንደሚታሰብም አክስቴ አስተምራኛለች፤ ሲወጣብሽ ማን አጠገብሽ ነበር? አሰብኩ። እትዬ ደርቤ ሁለት ጊዜ። ዛሬ፣ ትናንት፣ ከትናንት ወዲያስ? እጄን ይዛ ያመጣችኝ ማን ናት? ሁለት ጊዜ ከሆነ ሦስተኛ አያስፈልግም፣ ይኼ ግን ሦስተኛም ነው። ነገሩ በአንድ ጊዜ ፍንትው አለልኝና ባበጠ ምላሴ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ።

«አክስቴ አምሳል።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለውን ተረት ያኔ አላውቀውም ነበር፤ ቁናው ሲገለበጥ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዉ አንድ ላይ ወደ ኋላ አለ። ከዋዜማው ጀምሮ ከአክስቴ ጋር ስትጸልይ ያደረች ጎረቤታችን ነጠላዋን ሰብስባ ከአጠገቧ ዞር አለች። ሙሉሰው መቋሚያውን አወረደ፤ በዚያ ሳምንት አክስቴ ቤት በልቶ ነበርና እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለ። አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት። አፏ እንደተከፈተ ነበር።

ከዚያ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ዓይኔ አብጦ ተከደነ፣ ወደቅሁ። አንድ ሰው ከመሬት አንስቶ ጀርባው ላይ ጫነኝ። አላየሁም፣ ግን ቅቤና በርበሬ ሸተተኝ፤ አክስቴ ናት። ምስጢሯ ወጥቷል፣ አሁን ወስዳ ልትጨርሰኝ ነው። ከኋላችን ሰዎች ሲጮሁ እሰማለሁ፤ ይዛት ሄደች፣ ልትበላት ይዛት ሄደች ይላሉ፤ አንድም ሰው ግን ሊያስጥለኝ አልመጣም። ስለዚህ ራሴን ለማዳን የቀረኝን አደረግሁ። አፌን ከፈትኩና ትከሻዋን ባሉኝ ጥርሶች ሁሉ ነከስኳት። ነክሼ ያዝኩ። ደም ቀመስኩ። ቃተተች፣ ተንገዳገደች፤ አልጣለችኝም። ያንን ገደል በአንድ ትንፋሽ የወጣችው ይመስለኛል፤ የመጨረሻ ትዝ የሚለኝ የባጃጅ ሞተር ድምፅ ነው። ወሬው ገና አስፋልት አልደረሰም ነበርና ባለባጃጁ አሳፈራት።

ስነቃ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ነኝ፣ ጭኔን መርፌ ወግቶኝ ያመኛል፣ ዓይኔ በጠባቡ ተከፍቷል። እስኪመሽ እናቴ ከዳባት ደርሳ እግሬን ይዛ ታለቅስ ነበር። አክስቴ እዚያ አልነበረችም። ታዲያ እኔ ታሪኩን በራሴ መንገድ ጨረስኩት፤ አክስቴ ልትበላኝ ወሰደችኝ፣ ነከስኳት፣ ባለባጃጁ አስጣለኝ። ትምህርት ቤት ስመለስ ለክፍል ጓደኞቼ እንደዚያ ነው ያወራሁት፤ ለብዙ ዓመትም እንደዚያ አመንኩ።

ዛሬ ዳባት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የሴትሪዚን ክኒን አይጠፋም፤ ክረምት ከበጋ እወስደዋለሁ፣ ለስላሳ መጠጥ ከፍሪጅ አልጠጣም፣ ዝናብ ቢመታኝ ሮጬ ልብስ እቀይራለሁ። የተማሩት ባልደረቦቼ ደግሞ ከሙሉሰው አይሻሉም፤ አንዱ ጉበት ነው ይለኛል፣ አንዷ ስልኳን አውጥታ በነጭ ሽንኩርት የዳነ ሰው ታሳየኛለች። ክኒኑን የምገዛው ከዳምጤ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ዳባት ላይ የራሱን ክሊኒክ ከፍቷል፣ እንግሊዝኛውም ቀንሷል። አንድ ቀን ስለዚያ ጠዋት ጠየቅሁት። ዘመድ የሚሞት ሰው ይዞ ሲመጣ ምን እንዳደረገው አይናገርም አለኝ፤ ምን አጠጣችሁት ስትይ ምንም ይላሉ፣ እንዲሁ ወደቀ ይላሉ፣ በዚህ መሐል ሰዓቱ ያልፋል።

«አክስትሽ ግን በሩን በእግሯ በርግዳ ገባች» አለ። «ከላይ እስከ ታች ርሳለች፣ ነጠላዋ ደም ነው። እኔ ነኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኳት፣ ያልከውን መርፌ ስጣት አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያዳነሽ መርፌው ነው፣ መርፌውን ያፈጠነው ግን ያ ቃሏ ነው።»

ውሃ ውሃ ነው ማለትህ ትዝ ይልሃል ወይ አልኩት። አይለኝም አለ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ትዝ ይለዋል።

አክስቴ ከዚያ ጠዋት በኋላ የሆነባትን ግን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳይገባኝ ነው ያየሁት። ወሬው በየቤቱ ገባ፤ አምሳል ቡዳ ናት፣ የገዛ ወንድሟ ልጅ በጠበል ላይ መስክራባታለች። ልጅቷን ጤና ጣቢያ ማድረሷን ማንም አላነሳውም፤ ሲያነሱትም ያልጨረሰችውን ልትጨርስ ነበር ይላሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው፤ የእትዬ ደርቤ ክስ በአንድ ሌሊት ወደ አክስቴ ዞረ። ለእትዬ ደርቤ ይቅርታ ያላት ሰው ግን የለም፤ ድስት መግዛት ጀመሩ፣ በቃ። አክስቴም ቡዳ የሚባል የለም ብላ መከራከር አትችልም፤ ሕጉን በየመንገዱ ስታስተምር የኖረችው እሷ ናት። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቅቤዋን ዘርግታ ብቻዋን ትቀመጣለች። ለስላሳው ቅቤ በፀሐይ ይወዛል፣ ዝንብ ይሰፍርበታል፣ ሰዉ በሩቅ ዞሮ ያልፋል።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጥቼ እትዬ ደርቤን አየኋት። የሸክላ ተራውን ትታ በገበያው መሐል አቋርጣ መጣች፤ ሰው ሁሉ ያያታል። አክስቴ ፊት ቆመች፣ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ደርቤ ጣቷን ቅቤው ላይ ነክታ ቀመሰችና እንዲህ አለች።

«እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጣሽ፣ እት አምሳል። ጽዋው እየዞረ ነው፤ ዛሬ አንቺ ጋ ደረሰ።»

አክስቴ ቀና አለች። የምትሰድባት መስሎኝ ነበር። ሳቀች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ቁስሏን በእጇ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በርበሬ ተራው በሙሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት። እኔ ጨው ሻጩ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ሁለት ቡዳዎች ቀጥሎ ማንን እንደሚበሉ የሚማከሩ መስሎኝ ስሜን እንዳይጠሩ ጸለይኩ።

እናቴ ግን በዚያው ሰሞን አባ ባርናባስ ዘንድ ሄዳ አባ፣ ጠበል ማሞቅ ኃጢአት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አባ ባርናባስ ብዙ አሰቡ። «ስለ ማሞቁ የተጻፈ ነገር እስክፈልግ ድረስ አንቺ ልጂቱን አሙቂያት» አሏት። እስከ ዕለተ ሞታቸው አልፈለጉትም። አሁን ጥምቀት በመጣ ቁጥር ደባርቅ እወጣለሁ፤ ሕዝቡ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ተጋፍቶ ሲረጭ እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ከሕዝቡ ተለይታ የምትቆም አንዲት አሮጊት ደግሞ አለች፣ በብብቷ ፔርሙዝ ይዛ። ከተባረከው ውሃ በማለዳ ተቀብላ፣ ቤቷ ወስዳ ለብ አድርጋ የምታመጣው አክስቴ አምሳል ናት። ተሳስቼ ነበር ብላኝ አታውቅም። ቡዳው ስለለቀቀሽ ነው የዳንሽው ትለኛለች፣ ያልዳንኩ መሆኔን እያየች።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት አንዲት ከወልቃይት የመጣች የዘመድ ሙሽራ የአክስቴን ነጠላ ልታስተካክል ስታጎነብስ ትከሻዋን አየችው። ጠባሳው የትንሽ ልጅ አፍ ያህል ነው፤ ግማሽ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ ክፍተት አለው። ልጅቷ ደንግጣ እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው አለቻት።

«ቡዳ በልቶኝ ነው» አለች አክስቴ፣ የፔርሙዙን ክዳን እየፈታች።

ሙሽራይቱ አማተበች። አገሩ አገር ነውና የሚጠየቀውን ጠየቀች፤ ያን ጊዜ ማን ነበረ አጠገብዎ አለቻት።

አክስቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «ያቻት። የፊት ጥርስ አልነበራትም፤ ቢኖራት ኖሮ አጥንቴን አታተርፍም ነበር።» ከዚያ እጄን ጎትታ አስጎነበሰችኝና፣ ብርድ እንዳይነካኝ በነጠላዋ ከልላ፣ የሞቀውን ውሃ ራሴ ላይ አፈሰሰችው።